ሁለት የሕክምና ዕውቀት በአንድ ሰው
ስለ ዘመናዊና አማራጭ ሕክምና ጥምር ትምህርት ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ተማሪዎችም ወላጆችም ደጋግመው ስለሚያነሱት ጉዳይ ነው። ልጅ ነርስነት ወይም ፋርማሲ ተምሮ ሲጨርስ፣ አንዳንዴም ገና ሲጀምር፣ «አኩፓንክቸር ብጨምርበትስ? የዕፀዋት መድኃኒት ብማርስ? ሁለቱንም አጣምሮ የሚሰጥ ትምህርት ቤት አለ ይባላል» ይላል። ወላጅ ደግሞ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ልጁ ሁለት ወረቀት መያዝ ሁለት ዕውቀት መያዝ ይመስለዋል፤ ወላጁ ሁለት ዕውቀት የግድ ሰውን ይበትናል ብሎ ይፈራል። እኔ የማምነውን ከመነሻው ልናገር። ጥምር ትምህርት የሚጠቅመው አንዱ ዕውቀት ሌላውን ሲጠይቅና ሲፈትን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱንም ሳይፈትን ለበሽተኛ የሚያቀርብ ባለሙያ ግን ባለ አንድ ዲግሪ ከሆነው የበለጠ ያሰጋኛል፤ ምክንያቱም በሽተኛው በእጥፍ ያምነዋል።

ጥምር ዲግሪ የሚባለው ነገር ጎልቶ የሚታየው አሜሪካ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1978 ሲያትል ላይ የተመሠረተው ባስቲር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ ከሚታወቁት አንዱ ነው፤ አካባቢው ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት በመሆኑ ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ዋናው ትምህርቱ ናቱሮፓቲ ነው፤ በአመጋገብ፣ በዕፀዋትና በአኗኗር ለውጥ ላይ ያተኮረ ሕክምና ማለት ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል። አኩፓንክቸርን፣ ማለትም በቀጭን መርፌ የመውጋት ሕክምናን፣ አብሮ ለመማር የፈለገ ተማሪ ተጨማሪ ጊዜ ሰጥቶ ሁለቱን ይዞ እንዲወጣ መንገድ ተዘርግቶለታል። በ1956 ፖርትላንድ ላይ የተቋቋመው ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ናቹራል ሜዲስንም እንዲሁ ሁለቱን አጣምሯል። ቺካጎ አጠገብ ያለው ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ሄልዝ ሳይንስስ ደግሞ ካይሮፕራክቲክን፣ ማለትም የአከርካሪ አጥንትን በእጅ የማስተካከል ሙያን፣ ከናቱሮፓቲ ጋር አስተምሯል። የሰውነት አካልን፣ የሰውነት ሥራንና የበሽታን ባሕርይ የሚመለከቱት ትምህርቶች ለሁለቱም የጋራ ስለሆኑ አንዴ ይወሰዳሉ። ጊዜው የሚያጥረው በዚህ ነው።

ሌላ ዓይነት ጥምረትም አለ። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በ2003 በፊዚዮሎጂ ትምህርት ሥር አጋዥና አማራጭ ሕክምናን የሚመለከት የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። ይህ ትምህርት ሰውን መርፌ ወጊ ወይም ዕፅ ቀማሚ አያደርግም። ስለ እነዚህ ሕክምናዎች የተደረገ ጥናት እንዴት እንደሚነበብ፣ ዕፁ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያስተምራል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ከዚያ አልፈው ወደ ሐኪምነት ትምህርት ይሄዳሉ። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቴ ወደ ኋላ ግልጽ ይሆናል።

አማራጭ የተባለ ሙያ ከዘመናዊው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን የኦስቲዮፓቲ ታሪክ ያሳያል። አንድሩ ቴይለር ስቲል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1864 ሦስት ልጆቹ በማጅራት ገትር ሞቱበት። በዘመኑ የነበረው መድኃኒት ሊያድናቸው አልቻለም። እሱም በመድኃኒቱ ላይ ተስፋ ቆርጦ አጥንትንና ጡንቻን በእጅ በማስተካከል ላይ የቆመ የራሱን ሕክምና አስፋፋ፤ በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ኪርክስቪል ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የአሜሪካንና የካናዳን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ ተመልክቶ የጻፈው ብርቱ ሪፖርት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ ደካማ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤቶች ከነቀፋው አላመለጡም። ነገር ግን ቀስ በቀስ ላቦራቶሪውን፣ የመድኃኒት ትምህርቱንና የሆስፒታል ልምምዱን ተቀበሉ። በ1973 ምሩቆቻቸው በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ሙሉ የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ፤ በ2020 ደግሞ የስፔሻሊቲ ሥልጠናቸው ከሌሎቹ ሐኪሞች ሥልጠና ጋር አንድ ሆነ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ትምህርት ከሚማሩት መካከል ከአራት አንዱ ያህል በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ነው። ብሪታንያ ውስጥ ግን ኦስቲዮፓት ሐኪም አይደለም፤ በ1993 በወጣ ሕግ የሚተዳደር የእጅ ሕክምና ባለሙያ ነው። ስለዚህ ለንደን ያለ ዘመድና ዳላስ ያለ ዘመድ በስልክ ስለ ኦስቲዮፓቲ ሲያወሩ ስለ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች እያወሩ ነው።

የሁለት ትምህርት ጥቅም በአንድ ሰው ሥራ ሲገለጥ ለማየት የፈለገ ሰው የቻይናዋን ቱ ዩዩን ይመልከት። ቱ በ1930 ኒንግቦ ከተማ ተወለዱ። በ16 ዓመታቸው ሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ከትምህርት ቤት ቀርተው ነበር፤ ወደ መድኃኒት ትምህርት ያዘነበሉት ከዚያ ወዲህ ነው። ቤጂንግ ላይ ፋርማሲ ተምረው በ1955 ተመረቁ። የቻይና መንግሥት በዘመናዊ መንገድ የሠለጠኑ ባለሙያዎች የአገሩን ባህላዊ ሕክምና እንዲማሩ ኮርስ ሲያዘጋጅ፣ ከ1959 እስከ 1962 ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጥተው ተማሩ። ለዚህ ሁለተኛ ዲግሪ አልተቀበሉም፤ ዶክትሬትም የላቸውም። ጥምር ትምህርት ስል ግን የማስበው እሳቸውን ነው።

በቬትናም ጦርነት ጊዜ ክሎሮኪን የማይበግረው ወባ ወታደሩን ይፈጅ ነበር። ሰሜን ቬትናም ቻይናን ርዳታ ጠየቀች። በ1967 ሜይ 23 ቀን በተደረገ ስብሰባ በምሥጢር የተጀመረው ምርምር ከቀኑ ስም ወስዶ ፕሮጀክት 523 ተባለ። ቱ በ1969 በተቋማቸው የዚህ ሥራ ቡድን መሪ ሆኑ። ከጥንት መጻሕፍትና ከአረጋውያን ሐኪሞች ከ2,000 በላይ የመድኃኒት አሠራሮችን ሰበሰቡ፤ 640 ያህሉን በአንድ ጥራዝ አወጡ። ቡድናቸው ከ200 ገደማ ዕፀዋት ያወጣቸውን ከ380 በላይ ጭማቂዎች በወባ በተያዙ አይጦች ላይ ሞከረ። አብዛኛው አልሠራም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቱ የአባቶች መድኃኒት ስለሆነ ይሠራል አላሉም፤ የአባቶች ስለሆነ አይሠራም ብለውም አልጣሉትም።

ከተሞከሩት አንዱ ቺንግሃው የሚባል ቅጠል ነበር፤ የእኛ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ውጤት አሳየ፤ ሲደገም ውጤቱ ወደቀ። ቱ ወደ መጻሕፍቱ ተመለሱ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጌ ሆንግ ለድንገተኛ ሕመም በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ እንዲጠጣ እንጂ እንዲፈላ አላዘዘም። ባህላዊ ሐኪም ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን አንብበው ቅጠሉን ዘፍዝፈው ይሰጡ ነበር። ፋርማሲስት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ መጽሐፉን ባልከፈቱት። ሁለቱም ስለነበሩ አንድ ጥያቄ መጣላቸው፦ ሙቀቱ ይሆን ፍሬ ነገሩን የሚያጠፋው? በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚፈላ፣ ኢተር በሚባል ፈሳሽ የቅጠሉን ጭማቂ አወጡ፤ ጎጂውን አሲዳማ ክፍል ለዩት። በ1971 ኦክቶበር 4 ቀን 191ኛው ናሙና በአይጦችና በዝንጀሮዎች ላይ የነበረውን የወባ ጥገኛ ሙሉ በሙሉ ጠራርጎ አጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ቱና ባልደረቦቻቸው ጉዳት እንዳለው ለማወቅ በራሳቸው ላይ ሞከሩት፤ ከዚያ በኋላ ነው በሃይናን ደሴት ለበሽተኞች የተሰጠው። ንጥረ ነገሩም በዚያው በ1972 ተለይቶ ወጣ። አርቴሚሲኒን ይባላል። በ2015 ኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት።

ኢትዮጵያ በ2004 ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ምርጫ አድርጋ የተቀበለችው፣ ሁላችን ኮአርተም እያልን የምንጠራው እንክብል የአርቴሚሲኒን ልጅ ነው። በየቆላው በዚህ እንክብል ከወባ ሞት የተረፈ ሕፃን ሁሉ የዚያች ሁለት ትምህርት የተማረች ሴት ባለዕዳ ነው ብል አላጋነንኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2019 የዚሁኑ ቅጠል ሻይ ለወባ መጠጣትን እንደማይደግፍ አስታውቋል፤ በሻይ ውስጥ ያለው መጠን አይታወቅምና፤ ያነሰ መጠን ደግሞ ወባው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። ቅጠሉን ማክበርና ሻዩን መከልከል የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም።

አሁን ደግሞ ሁለቱ ዕውቀቶች ሳይተዋወቁ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ምን እንደሚከተል ተመልከቱ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ በሚገኝ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ዕፀዋት ያሉበት እንክብል ይሰጥ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወጣት ሴቶች ኩላሊታቸው እየደከመ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ፤ የቤልጂየም ሐኪሞች በ1993 ላንሴት በሚባለው መጽሔት ላይ ጉዳዩን ይፋ አወጡ። ስቴፋኒያ በሚባለው ዕፅ ፋንታ አሪስቶሎኪያ የሚባል ሌላ ዕፅ ገብቶ ተገኘ። በቻይንኛ የሁለቱም ስም ተመሳሳይ ነው፤ ሁለቱም ፋንግ ጂ ይባላሉ። አሪስቶሎኪያ ኩላሊትን የሚገድል አሲድ አለው። የተጎዱት ቁጥር ከ100 በላይ ሆነ፤ ብዙዎቹ ወደ ዳያሊሲስና ወደ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ሄዱ፤ ከእነሱም ከፊሎቹ ላይ በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ታየ። ስሙ ተመሳሳይ የሆነውን ዕፅ በዓይን ለይቶ፣ ንጥረ ነገሩንም በላቦራቶሪ መርምሮ ማጣራት የሚችል አንድ ሰው በዚያ መስመር ላይ ቢኖር ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ሌላው አደጋ ዕፁ ራሱ ሳይመርዝ መድኃኒቱን ሲያከሽፍ ነው። ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል፣ የእኛ አምጃ ዘመድ የሆነ ዕፅ፣ ለድብርት በብዙ አገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ዕፁ የጉበትን መድኃኒት አጣሪ ኢንዛይም ያነቃቃዋል። በ2000 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከኢንዲናቪር ጋር ሲወሰድ የዚህን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለ መጠን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳዩ። በዚያው ዓመት ዙሪክ ላይ ልብ የተተከለላቸው ሁለት በሽተኞች ይህን ዕፅ ሲወስዱ ሰውነታቸው አዲሱን ልብ ሊጥለው እንደተነሣ ተዘገበ። ሐኪሙ ስለ ዕፁ አይጠይቅም፤ ዕፁን የሚሸጠው ስለ መድኃኒቱ አያውቅም፤ በሽተኛው በመካከል ዝም ይላል። ጥምር ትምህርት ለዚህ ክፍተት ነው የሚያስፈልገው።

እዚህ ላይ በአሜሪካዎቹ ጥምር ዲግሪዎች ላይ ያለኝን ቅሬታ ሳልሸሽግ ልናገር። በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ማስረጃ ያለውና የሌለው ጎን ለጎን ተቀምጧል። አኩፓንክቸር ለቆየ የወገብ ሕመም የተወሰነ እፎይታ እንደሚሰጥ ጥናቶች ያሳያሉ፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2017 ባወጣው መመሪያ ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉት ውስጥ አስገብቶታል። እውነተኛው መርፌና ለማነጻጸሪያ የሚደረገው የይምሰል መርፌ ግን ልዩነታቸው ትንሽ ነው። መድኃኒትን እጅግ አቅጥኖ መስጠት የሆነው ሆሚዮፓቲ ደግሞ በናቱሮፓቲ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይሰጣል፤ የአውስትራሊያ የጤናና ሕክምና ምርምር ምክር ቤት ግን ጥናቶቹን አገላብጦ በ2015 ሆሚዮፓቲ አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም በሽታ አላገኘም። ተማሪው ሁለቱን በአንድ ዓይነት እምነት እንዲማር ከተደረገ፣ አምስት ዓመት ሙሉ የተማረው ነገር መፍረድን አላስተማረውም። ቱ ዩዩ ከ380 ጭማቂዎች አብዛኛውን መጣል ባይችሉ ኖሮ አንዱን ባላገኙት ነበር።

ወደ ኪስና ወደ ፈቃድ ጉዳይ ልለፍ፤ አጭር ላድርገው። የናቱሮፓቲ ዶክተርነት በአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠው በግማሽ ያህሉ ግዛቶች ነው። ዋሽንግተን ግዛት ትሰጣለች፤ ሜሪላንድ በ2014 ባወጣችው ሕግ ትሰጣለች፤ ቴነሲ ደግሞ ሥራውን ራሱን ከልክላለች። ሲያትል ተምሮ ናሽቪል ካሉ ቤተሰቦቹ ዘንድ ለመሥራት የሚያስብ ልጅ ይህን ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ይወቅ። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን፣ ለናቱሮፓት አይከፍልም። ለአኩፓንክቸር ከ2020 ጀምሮ የሚከፍለው ለቆየ የወገብ ሕመም ብቻ ሲሆን፣ አኩፓንክቸር ብቻ የተማረ ባለሙያ በራሱ ስም ሊያስከፍለው አይችልም። ነርስ ፕራክቲሽነር፣ የሐኪም ረዳት ወይም ሐኪም የሆነ ሰው ግን ሥልጠናውን ካሟላ መንገዱ ይከፈትለታል። ከዚህ የተነሣ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ መጀመሪያ በየትም ቦታ የሚያሠራውንና በሽታን መለየት የሚያስተምረውን ሙያ ያዝ፤ አማራጩን ሁለተኛ አድርገው። ነርስነት፣ ፋርማሲ ወይም ሐኪምነት ይቅደም። ትምህርት ቤቱ እውቅና ያለው መሆኑን ደግሞ ከራሱ ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ፈቃድ ሰጪው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ይነገርህ፤ በኢንተርኔት ብቻ የናቱሮፓት ዲፕሎማ የሚሸጡ፣ ወረቀታቸው ለፈቃድ ፈተና የማያስቀምጥ ቦታዎች አሉና። ወደ አገር ቤት ተመልሶ ለመሥራት ያሰበም የጤና ሚኒስቴርን አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ነበሩ። አጣቢዎቹ ስለ እንዶድ የሚያውቁትንና አክሊሉ ስለ ጥገኛ ተሕዋስያን የተማሩትን አንድ ላይ ያገናኘ ምርምር ከዚያ ተጀመረ፤ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉበት። ኮሶም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቶ ነበር። በኋላ መጠኑ የታወቀ የኮሶ ትል እንክብል ሲመጣ ተተወ፤ በእፍኝ የሚሰፈር፣ አንዱን የሚያሽር ሌላውን የሚጎዳ መድኃኒት ከእንክብሉ ጋር ሊወዳደር አልቻለም።

በጥምር ትምህርት ጋና ከእኛ ቀድማለች። ኩማሲ ያለው ክዋሜ ንክሩማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2001 የዕፀዋት ሕክምናን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ፤ ተማሪው ዕፁንም ኬሚስትሪውንም በሽታውንም ይማራል። የጋና መንግሥት በአንዳንድ ሆስፒታሎቹ ውስጥ የዕፀዋት ሕክምና ክፍል ከፍቶ እነዚህን ምሩቃን አሠማርቷል። ይህን ዲግሪ እንዳለ እንቅዳው አልልም። የእኛ ሀብት ሌላ ነገር ስላለው ጥምረቱም ሌላ መሆን አለበት።

በአብያተ ክርስቲያናትና በየቤተሰቡ ሣጥን ውስጥ ደብተራዎች በግዕዝና በአማርኛ የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት አሉን። የፖላንዱ ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 ዋርሶ ላይ ከእነዚህ ጽሑፎች አያሌውን ከዕፀዋቱ ስም ጋር አሳትመዋል። የዕፀዋቱ ስም ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ አንዱ ስም ጎንደር ላይ የሚጠራው ዕፅ ሸዋ ላይ የሚጠራው ላይሆን ይችላል። የብራስልሱ ጥፋት ከዚሁ ዓይነት ምክንያት መጣ። መጽሐፉን የሚያነበው ሊቅ ኬሚስትሪ አያውቅም፤ ፋርማሲስቱ ግዕዝ አያነብም። በዚህ አገር ጥምር ዲግሪ ይኑር ከተባለ እኔ የምመኘው ፋርማሲና የጽሑፍ ትምህርት፣ መድኃኒትና ግዕዝ አብረው የሚማሩበትን ነው። ቱ ዩዩ የጥንቱን ጽሑፍ ራሳቸው ማንበብ ባይችሉ ኖሮ አለመፈላቱን ማን ያይ ነበር?

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት አለው፤ የዕፀዋትን መድኃኒትነት የሚያጠና ክፍልም በውስጡ አለ። ፊሎሎጂ የሚያስተምር ክፍል አለው። የደረቁ ዕፀዋት ናሙናዎች በስማቸው የተቀመጡበት ብሔራዊ ኸርባሪየምም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስቱን አንድ የማስተርስ መርሐ ግብር ያገናኛቸው። ዕውቀታቸውን የሚያካፍሉ የባህል ሐኪሞችም ስማቸው እንዲመዘገብ፣ ከሚገኘው ነገር ድርሻ እንዲኖራቸው ከመጀመሪያው በውል ይጻፍ፤ ያለዚያ ምሥጢራቸውን ይዘው ይሞታሉ፤ ልንወቅሳቸውም አንችልም። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የፋርማሲ ተማሪዎች መርሐ ግብሩ እስኪከፈት አትጠብቁ፤ ግዕዝ የሚያስተምር መምህር በየአጥቢያችሁ አለ፤ ከዚህ ሳምንት ጀምራችሁ ፊደል ቁጠሩ።